ከካርድ ሣጥኑ ሥር ለሚወርደው ነገር ስም ስለ ማውጣት

የቤተ መጻሕፍቱ የንብረትና የንጽሕና ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን
ቦታ፦ የንባብ አዳራሹ፣ ከካርድ ሣጥኑ አጠገብ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ (የስብሰባ ክፍሉ ወንበሮች ለጥገና ወጥተው ስላልተመለሱ)
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ በመምህሩ የእጅ ሰዓት። የአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ከሁለት ዓመት ወዲህ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ቆሟል።

የተገኙ
1. የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የአስተዳደር ሹሙ፣ አባል
3. አናጢው፣ አባል፤ የካርድ ሣጥኑን የሠሩት እሳቸው ሲሆኑ የአስተዳደር ሹሙ ባለቤት ታናሽ ወንድም ናቸው
4. ጡረተኛው የሕይወት ሳይንስ መምህር፣ የአንባቢዎች ተወካይ፣ አባል
5. የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጉዳዩ ስለሚመለከታቸው የተጠሩ፤ ድምፅ የላቸውም
6. ጸሐፊዋ፤ ድምፅ የላትም

ያልተገኙ፦ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ አባል። በዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው። የግምጃ ቤቱ ቁልፍም አብሯቸው ፈቃድ ወጥቷል።

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። መምህሩ፣ ሣጥኑን የሠራ ሰው በሣጥኑ ጉዳይ ድምፅ መስጠቱ ተገቢ መሆኑን ጠይቀዋል። አናጢው «እኔ ካልኖርኩ ስለ እንጨት ማን ሊያወራ ነው? መምህሩ ስለ ትንኝ እንጂ ስለ እንጨት ምን ያውቃሉ?» ሲሉ መልሰዋል። ሰብሳቢዋ አናጢው እንዲቆዩ፣ ነገር ግን በስብሰባው ላይ የአስተዳደር ሹሙን «ጋሼ» ማለት እንዲተዉ አሳሰቡ። አናጢው ከዚያ በኋላ «ክቡር ጋሼ» እያሉ ቀጥለዋል።

የጉዳዩ መነሻ

የመጻሕፍቱ ዝርዝር ካርዶች የሚቀመጡበት ባለ አርባ ስምንት መሳቢያው የካርድ ሣጥን ከቆመበት ሥር በየጠዋቱ ደቃቅ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዱቄት ይገኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ በየጠዋቱ ይጠርጉታል። በማግስቱ እንደገና ይገኛል። በቤተ መጻሕፍቱ የወለል ቅጽ ላይ ወለል ላይ የተገኘ ነገር የሚመዘገብባቸው ሦስት ዓምዶች አሉ፦ አቧራ ከሆነ የጽዳት፣ ፍርስራሽ ከሆነ የጥገና፣ የጠፋ ዕቃ ከሆነ የዘበኛው ነው። የአስተዳደር ሹሙ ዱቄቱን ሁለት ጊዜ «አቧራ» ብለው ስለመዘገቡት ሠራተኛዋ ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ሦስተኛው ተተይቦና ተፈርሞ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሠራተኛ ይሰናበታል። ሠራተኛዋ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ይቀራቸዋል። ዱቄቱ አቧራ እንዳልሆነ መምህሩ በጽሑፍ ስላመለከቱ ስብሰባው ተጠርቷል።

አጀንዳ አንድ፦ የወለሉን ሁኔታ ማረጋገጥ

የጽዳት ሠራተኛዋ ማንም ሳይናገር እጃቸውን አወጡ። ድምፅ እንደሌላቸው ሲነገራቸው «ድምፅ መቼ ጠየቅሁ፣ እኔ የያዝኩት መጥረጊያ ነው» ስላሉ ተፈቀደላቸው። ከሣጥኑ ሥር ያለውን በሙሉ በአባላቱ ፊት ጠርገው በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉና አባላቱ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው እንዲያዩ ጠየቁ። ሦስቱ አይተው ንጹሕ ነው ብለዋል። አናጢው ወገባቸውን ስለሚያማቸው ቆመው አምነዋል።

ሠራተኛዋ ቀጥለው «እንግዲህ ነጭ ወረቀት ይነጠፍበት። እኔም መጥረጊያዬን በር ላይ አስደግፌ እዚሁ መካከላችሁ ልቀመጥ። ስትነሡ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ካገኛችሁ ማን እንዳመጣው እሱን ጠይቁት» አሉ።

ሐሳቡ ቢደገፍም ነጭ ወረቀት አልተገኘም። ወረቀት ያለው ግምጃ ቤት ነው። ከቃለ ጉባኤ መዝገቡ ገጽ ይቀደድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ጸሐፊዋ ስላልፈቀደች ወደቀ። የአስተዳደር ሹሙ ጊዜ እየባከነ መሆኑን ገልጸው ከያዙት ማኅደር ውስጥ ሦስተኛውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አወጡና በጀርባው ገልብጠው ከሣጥኑ ሥር አነጠፉት። «ምንም አይወርድበትም። ስንጨርስ አንሥተን ማኅተም እንመታበታለን» ብለዋል።

ከዚያም፣ ማንም ሰው ወረቀቱን እንዳይነካካ፣ ራሳቸው ያረቀቁትን የንብረት መመሪያ ቁጥር አሥራ አራት አነበቡ፦ «ለማስረጃ የተቀመጠ ነገር፣ የተቀመጠበት ጉዳይ ስሙና ባለቤቱ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ከቦታው አይነሣም።» ሲያነቡ ሠራተኛዋን ሁለት ጊዜ ቀና ብለው አይተዋል። ሠራተኛዋ «ገብቶኛል» ብለዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስም

የአስተዳደር ሹሙ ነገሩ አቧራ መሆኑን፣ አቧራ ምን እንደሚመስል ለማወቅም ዩኒቨርሲቲ መግባት እንደማያስፈልግ ተናገሩ። አናጢው ነገሩ ሰጋቱራ ነው ብለዋል። ሣጥኑ ሲሠራ በመገጣጠሚያው ውስጥ የቀረ ሰጋቱራ ነው። መምህሩ ሣጥኑ የተሠራው ከስድስት ዓመት በፊት መሆኑን አስታውሰው፣ በየቀኑ አንድ ማንኪያ የሚያህል ሰጋቱራ ስድስት ዓመት ሙሉ የት ተቀምጦ እንደቆየ ጠየቁ። አናጢው «ጥሩ እንጨት ሰጋቱራውን ቶሎ አይለቅም» ሲሉ አስረዱ።

መምህሩ ባለፈው ሳምንት በክብሪት ቀፎ ያጠራቀሙትን ዱቄትና አንድ ማጉያ መነጽር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቃል በቃል እንዲመዘገብ በጠየቁት መሠረት የሚከተለውን ተናግረዋል፦ «ይኼ ነገር በሙያው ቋንቋ ፍራስ ይባላል። እንጨት የሚበላ ነፍሳት የበላውን ሲጥለው ኩሱ ነው። ሲያኝክ ከአፉ የረገፈውም አብሮ አለበት። ሁለቱ ተቀላቅለው ፍራስ ናቸው። ነቀዙ ውስጥ ስለሆነ አናየውም፤ መኖሩን የሚነግረን ይኸው ነው። በዚህ ወለል ላይ ስትጠርጉ የኖራችሁት የሣጥኑን ሆድ ነው።»

ማጉያው በየተራ ዞረ። ሰብሳቢዋ አይተው ወንበራቸውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳቡ። አናጢው የራሳቸውን ጥፍር ብቻ እንዳዩ አስታወቁ። የአስተዳደር ሹሙ ለማየት ፈቃደኛ አልነበሩም።

አናጢው፣ ከአፍ የረገፈው ኩስ ሊባል እንደማይችል፣ ምራቅ የነካው ሰጋቱራ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ተከራከሩ። የአስተዳደር ሹሙ ይህን ደግፈው ዱቄቱ በሁለት እንዲከፈል፣ በአፍ በኩል የወጣው ለብቻ፣ በኋላ በኩል የወጣው ለብቻ ተቆልሎ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረቡ። ማን ይለየው ተብለው ሲጠየቁ የጽዳት ሠራተኛዋን ጠቆሙ። ሠራተኛዋ «ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርጌያለሁ። እስከ ዛሬ ቆሻሻን በየት በኩል ወጣህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም» ብለዋል። ሐሳቡ ደጋፊ አጥቶ ወደቀ።

ቀጥሎ ሰብሳቢዋ ነገሩ ኩስ ከሆነ ለዋናው መሥሪያ ቤት በሚላከው ሪፖርት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አሳሳቢ መሆኑን ገለጹ። በዚህ ቤት ደብዳቤ ላይ «ኩስ» የሚል ቃል ወጥቶ እንደማያውቅ ተናግረዋል። ጸሐፊዋ ቃሉ ስለ ጣሪያው ርግቦች በተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች ላይ መውጣቱንና ሁለቱንም የፈረሙት ሰብሳቢዋ መሆናቸውን አስታወሰች። ሰብሳቢዋ ርግብ ሌላ ነው ብለዋል።

የአስተዳደር ሹሙ ሁሉም እንስሳ የራሱ ቃል እንዳለው በዝርዝር አስረዱ። የከብት እበት፣ የአህያ ፋንድያ፣ የፍየል በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ ይባላል። ነቀዝ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቃል ያልወጣለት እንስሳ ደግሞ አይጥልም ማለት ነው። መምህሩ «ነቀዙ እስክትሰይሙለት ይዞ አይቆይም» አሉ። «ዓይነ ምድር» የሚለው ጨዋ ቃል በአማራጭ ቀርቦ ነበር፤ የአስተዳደር ሹሙ ቃሉ መቀመጫ ላለው ፍጡር የሚሰጥ ነው በማለት ተቃወሙ።

ከረጅም ውይይትና ከአንድ የውኃ ዕረፍት በኋላ፦

ውሳኔ አንድ። ነገሩ በጽሑፍ «ፍራስ»፣ በንግግር «ኩስ» ይባላል፤ እንግዳ ባለበት አይጠራም። በሦስት ድምፅ ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። አናጢው ከደገፉት ውስጥ ናቸው። በኋላ ሲጠየቁ ድምፅ የሰጡት ለዕረፍቱ መስሏቸው እንደነበር ገልጸዋል።

በመካከል የተነሣ ጉዳይ

አባላቱ ድምፅ ሲቆጠር ዝም ባሉበት ሰዓት ከሣጥኑ በኩል ቀርጠፍ ቀርጠፍ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። መምህሩ «ይኸው ምሳውን ጀመረ» አሉ። የአስተዳደር ሹሙ ድምፁ የግድግዳው ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። መምህሩ ሰዓቱ ከሁለት ዓመት በፊት መቆሙን ሲያስታውሱ፣ የአስተዳደር ሹሙ የቆመው ጠቋሚው እንጂ ድምፁ አይደለም ብለዋል። ሰብሳቢዋ ጉዳዩን ባለበት ለመዝጋት እና ሣጥኑ ደህና መሆኑን ለማሳየት አንድ መሳቢያ ሲስቡ እጀታው መጣ፤ መሳቢያው ቀረ። ሰብሳቢዋ እጀታውን ኪሳቸው ከተቱ።

ውሳኔ ሁለት። የተሰማው ድምፅ የሰዓቱ ተብሎ ይመዝገብ። በሦስት ድምፅ ለአንድ ጸደቀ።

አጀንዳ ሦስት፦ ባለቤት

ፍራስ በወለል ቅጹ ላይ ዓምድ እንደሌለው ታየ። የአስተዳደር ሹሙ «የጠፋ ዕቃ» በሚለው ሥር እንዲገባና ለዘበኛው እንዲሰጥ ጠየቁ። ዘበኛው ከበር ተጠርተው አስተያየት ሲጠየቁ «የጠፋ ዕቃ ሠላሳ ቀን አስቀምጣለሁ፣ ማስታወቂያም እለጥፋለሁ። ግን ባለቤቱ መጥቶ የኔ ነው ቢለኝ በምን ምልክት አውቄ ልስጠው?» አሉ። ሐሳቡ ወደቀ። ዘበኛው ሊወጡ ሲሉ መለስ ብለው፣ ውሻቸው ግቢ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ የወጣውን ደንብ አስታወሱ፦ «እንስሳ ወደ ግቢ ያስገባ ሰው ኩሱን ራሱ ያነሣል።» ደንቡ በእሳቸው ላይ ለአራት ዓመት ያለ ምንም ምሕረት መፈጸሙን ጨምረው ገልጸው ወጡ።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ነቀዙን ያስገባው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ የሣጥኑን መረከቢያ ሰነድ አስመጥተው አነበቡ። አስረካቢ፦ አናጢው። ተረካቢ፦ የአስተዳደር ሹሙ። «አርባ ስምንት መሳቢያ፣ አርባ ስምንት እጀታ፣ ንጹሕና ሙሉ ሆኖ ስላገኘሁት ተረክቤያለሁ» ይላል።

የአስተዳደር ሹሙ «ነቀዝ ዝርዝሩ ላይ የለም። ያልተዘረዘረ ነገር አልተረከብኩም» አሉ።

አናጢው እሳቸውን ለማገዝ «ልክ ነው ክቡር ጋሼ። ደግሞም እኔ ሳስረክብ ገና እንቁላል ነበር። እንቁላል እንስሳ አይደለም» አሉ።

መምህሩ ንግግሩ ቃል በቃል እንዲመዘገብ ጠየቁ። አናጢው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ላጲሱ ግምጃ ቤት መሆኑን ገለጸች። የአስተዳደር ሹሙ ለአናጢው የቤተሰብ ምክር ሰጡ፤ ምክሩ ከአጀንዳው ውጪ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ምክሩ እንዳበቃ የአስተዳደር ሹሙ ወደ ሠራተኛዋ ዞረው፣ ሴትዮዋ በትክክል ቢጠርጉ ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ ተናገሩ። ሠራተኛዋ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ተላላኪ ሆነህ ስትቀጠር የመጀመሪያ ቀን ሻይ አፍስሰህ ወለሉን ያጸዳሁልህ እኔ ነኝ። ያን ጊዜም ማን አፈሰሰው ሲሉ ዝም አልኩ። አሁን ግን ስምንት ወር ነው የቀረኝ፤ ዝም የምልበት ጊዜ አልተረፈኝም» ብለዋል። የአስተዳደር ሹሙ ይህ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ላጲሱ አሁንም ግምጃ ቤት ነው።

የአስተዳደር ሹሙ የመጨረሻ አማራጭ አቀረቡ። ነቀዙ ስድስት ዓመት ሙሉ በቤተ መጻሕፍቱ ሲገለገል ስለኖረ እንደ አንባቢ ይቆጠር፤ አንባቢ የጣለውን ደግሞ የአንባቢዎች ተወካይ ያንሣ። መምህሩ ነቀዙ የአባልነት መታወቂያ እንደሌለው፣ ድምፅ ሰጥቶም እንዳልመረጣቸው አስረዱ። ሐሳቡ ወደቀ።

መምህሩ አስረካቢውና ተረካቢው ራሳቸው ያንሡት ሲሉ ያቀረቡት ሐሳብ ሁለት ለሁለት ስለሆነ ሰብሳቢዋ በወሳኝ ድምፃቸው፦

ውሳኔ ሦስት። የነቀዙ ባለቤቶች አስረካቢውና ተረካቢው በጋራ ናቸው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ቀን በቀን እየተፈራረቁ ተንበርክከው ያነሣሉ። ከዚህ በፊት የተሰጡት ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ወደ ስማቸው ይዛወራሉ።

የአስተዳደር ሹሙ ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱ። ጠረጴዛው ሣጥኑን ይነካ ነበር።

አጀንዳ አራት፦ ወረቀቱ

አባላቱ ጎንበስ ብለው አዩ። በዚህ ጊዜ አናጢውም ጎንበስ ብለዋል። በደብዳቤው ጀርባ ላይ አምስት ትናንሽ ቁልሎች ተገኙ። አራቱ ጉች ጉች ብለው የቆዩ ናቸው፤ አምስተኛው ገና እየወረደ ነበር። መጥረጊያው እስከዚያ ሰዓት ድረስ በሩ ላይ እንደተደገፈ መሆኑን ሁሉም አረጋግጠዋል። ሠራተኛዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር።

መምህሩ፣ ሪፖርቱ «ፍራስ» የሚለውን ቃል ይዞ ከሄደ ዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ እንደሚልክ፣ ባለሙያውም ሣጥኑን ከፍቶ ከምን እንጨት እንደተሠራ ማየቱ እንደማይቀር ተናገሩ። አናጢው ስለ እንጨቱ ምንም ማለት እንደማይፈልጉ ገለጹ። ሰብሳቢዋ በበኩላቸው ባለሙያው ርግቦቹንም ሊያይ እንደሚችል አሳሰቡ።

የአስተዳደር ሹሙ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ስብሰባው ገና ከመጀመሪያው የተሳሳተ መንገድ እንደያዘ አስረዱ። ስም ባይወጣለት ኖሮ ባለቤት አይፈለግለትም ነበር። ስለዚህ ሁሉም ውሳኔዎች ይሻሩና ነገሩ ስም እንዳልወጣለት ይቆጠር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። አናጢው «ክቡር ጋሼ ያሉት» ብለው ደገፉ።

ሰብሳቢዋ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ የአስተዳደር ሹሙ የሚሉት ሁሉንም ውሳኔ መሆኑን ደግመው ጠየቁ። ሁሉንም ተባሉ። አንድም ሳይቀር? አንድም ሳይቀር። መምህሩ ሊቃወሙ እጃቸውን ሲያነሡ ሰብሳቢዋ በእግራቸው እንደነኳቸው ጸሐፊዋ በአጋጣሚ አይታለች። መምህሩም እጃቸውን ባለበት አቆይተው ለድጋፉ ተቆጠረላቸው።

ውሳኔ አራት። ውሳኔ አንድ፣ ውሳኔ ሁለት እና ውሳኔ ሦስት ተሽረዋል። ከሣጥኑ ሥር የሚወርደው ነገር አቧራም፣ ሰጋቱራም፣ ኩስም፣ ፍራስም አይደለም፤ ስምም ባለቤትም የለውም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የአስተዳደር ሹሙ ደስታቸውን ገልጸው ደብዳቤውን አራግፈው ለማኅተም ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ሰብሳቢዋ መመሪያ ቁጥር አሥራ አራትን አነበቡላቸው። ለማስረጃ የተቀመጠ ነገር፣ የተቀመጠበት ጉዳይ ስሙና ባለቤቱ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ከቦታው አይነሣም። የአስተዳደር ሹሙ ውሳኔው ሁሉ ተሽሯል አሉ። ሰብሳቢዋ ይህ ውሳኔ ሳይሆን መመሪያ መሆኑን፣ ያረቀቁትም ራሳቸው የአስተዳደር ሹሙ መሆናቸውን አስታወሱ። የአስተዳደር ሹሙ ሌላ ደብዳቤ ይተየብ አሉ። ጸሐፊዋ ወረቀት እንደሌለ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ሲመለሱ ቢኖርም እንኳ በመመሪያ ቁጥር አሥራ አምስት መሠረት ዋናው እያለ ሌላ እንደማይጻፍ ገለጸች። ቁጥር አሥራ አምስትንም ያረቀቁት የአስተዳደር ሹሙ ናቸው። የአስተዳደር ሹሙ እንደጎነበሱ ትንሽ ቆዩ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ጥያቄ እንዲጠይቁ ተፈቀደላቸው። «ታዲያ ነገ ጠዋት ስመጣ ከሣጥኑ ሥር ልጥረግ አልጥረግ?» አሉ። ማስረጃ ስለሆነ እንዳይነኩት ተነገራቸው። «ከዚያ ተጠራቅሞ ቢገኝ?» አሉ። ስም ስለሌለው በየትኛውም ዓምድ እንደማይመዘገብ ተነገራቸው። «እስከ መቼ?» አሉ። ሰብሳቢዋ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርደው ዘጠኝ ገጽ ገለጡና የስም ጉዳይ በዚያ ወር መግቢያ ላይ እንዲታይ ምልክት አደረጉበት። ከዚያ በፊት ቀን እንደሌላቸው ተናግረዋል። ሠራተኛዋ ቀኑ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ጸሐፊዋ ከቃለ ጉባኤ መዝገቡ አንድ ገጽ ቀድዳ ጽፋ ሰጠቻቸው። አራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ለመፈረም አናጢው ሣጥኑን ሊደገፉ ሲሉ ሁሉም አባላት በአንድ ድምፅ ከለከሏቸው።

ስብሰባው በመምህሩ ሰዓት ስድስት ሰዓት ከሃያ ተበተነ። አባላቱ ወንበራቸውን እያነሡ ሲወጡ ሠራተኛዋ አዳራሹን ጠረጉ፤ ሣጥኑ ጋ ሲደርሱ ዞረው አለፉ። አዳራሹ ጭር ሲል ቀደም ብሎ የሰዓቱ ነው የተባለው ድምፅ እንደገና ይሰማ ጀመር። ውሳኔ ሁለት ስለተሻረ የምን እንደሆነ አልተመዘገበም።